አለመገኘት ወይስ መጥፋት? የኦሊጎሲን ዘመን የአፍሪካ ፕራይሜቶች መዝገብና የጭልጋ ደለል

መግቢያ

ከ33.9 ሚሊዮን ዓመታት በፊት የኢዮሲን ዘመን አብቅቶ የኦሊጎሲን ዘመን ሲተካ ምድር ከሙቀት ወደ ቅዝቃዜ ተሸጋገረች። በከባቢ አየር ውስጥ የነበረው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን እየቀነሰ መጥቶ ነበር፤ አንታርክቲካ በሰፊ የበረዶ ንጣፍ ተሸፈነች፤ የባሕር ጠለልም ዝቅ አለ። ይህ ለውጥ በአውሮፓ አጥቢ እንስሳት ላይ ያስከተለው ጥፋት ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስዊዘርላንዳዊው ተመራማሪ ሃንስ ሽቴህሊን በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ «ታላቁ መቋረጥ» የሚል ስም የሰጡት ለዚሁ ክስተት ነው። በአውሮፓ ለሚሊዮኖች ዓመታት የኖሩት ፕራይሜቶች በዚያ ጊዜ ገደማ ከመዝገቡ ወጡ፤ ከእስያ የመጡ አዳዲስ እንስሳትም ምድሩን ያዙት።

አፍሪካ ግን ከዚህ ጥፋት ያመለጠች ተደርጋ ስትቆጠር ቆይታለች። በዚያን ዘመን አፍሪካና ዐረቢያ ገና ያልተለያዩ አንድ ምድር ነበሩ፤ ከእስያና ከአውሮፓ ግን በባሕር ተነጥለው ነበር። ተመራማሪዎች አፍሮ-ዐረቢያ የሚሉት ይህ ደሴት መሰል አህጉር አብዛኛው ክፍሉ ለምድር ወገብ የቀረበ በመሆኑ ቅዝቃዜው ብዙም አልነካውም የሚለው ግምት ምክንያታዊ ይመስል ነበር። ግምቱን የሚያፈርስ በቂ ማስረጃ አልነበረም፤ የሚያጸናውም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 ዶሪየን ደ ቭሪስ፣ ኤሪክ ሳይፈርት፣ ሄሻም ሳላምና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናት ይህን ግምት ገለበጠው። ጥናቱ ከመረመራቸው አምስት የአጥቢ እንስሳት ጎራዎች ውስጥ በኢዮሲን መጨረሻ ከነበሩት የዘር ሐረጎች 63 በመቶ ያህሉ ከ30 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ጠፍተው አልቀዋል ሲል ደመደመ። ከአምስቱ ጎራዎች ሁለቱ ፕራይሜቶች ናቸው።

ይህ አጭር ጽሑፍ ቁጥሩን ለማስተባበል አልተነሣም። የሚጠይቀው ከቁጥሩ የሚቀድመውን ነው፦ በቅሪተ አካል ጥናት «አልተገኘም» ከሚለው ቃል ወደ «ጠፍቷል» ወደሚለው የምንሻገረው በምን ድልድይ ነው? የጽሑፉ መከራከሪያ በአጭሩ እንዲህ ነው። በግብፅ ፋዩም ያለው አለመገኘት ክብደት ያለው ማስረጃ ነው፤ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ጭልጋ ያለው የፕራይሜት አለመገኘት ግን እስካሁን ማስረጃ ሊባል አይችልም። ይሁን እንጂ የመጥፋቱን ቁጥር ሊያጸናም ሆነ ሊያሻሽል የሚችለው ደለል በዕድሜውም በአቀማመጡም እንደ ጭልጋ ያለው ነው።

የፋዩም መዝገብ

ስለ አፍሪካ ጥንታዊ ፕራይሜቶች ከምናውቀው አብዛኛው የመጣው ከአንድ ቦታ ነው፤ ከካይሮ በስተደቡብ ምዕራብ ከሚገኘው የፋዩም በረሃ። ዛሬ ድንጋይና አሸዋ ብቻ የሚታይበት ይህ ስፍራ በኢዮሲንና በኦሊጎሲን ዘመን ወንዞች ወደ ጥንታዊው የቴቲስ ባሕር የሚፈስሱበት ደን የለበሰ ቆላ ነበር። ሂዩ ቢድኔልና ቻርልስ አንድሩስ ከ1900 ወዲህ ባሉት ጥቂት ዓመታት ያወጧቸው ትልልቅ እንስሳት፣ በተለይም የዝሆን የጥንት ዘመዶችና በአፍንጫው ላይ ሁለት ግዙፍ ቀንዶች የነበሩት አርሲኖይቴሪየም፣ ቦታውን ዝነኛ አደረጉት። አርሲኖይቴሪየም አውራሪስ ይመስላል እንጂ የአውራሪስ ዘመድ አይደለም፤ ዝምድናው ከዝሆንና፣ ብዙዎችን ቢያስገርምም፣ ከሽኮኮ ጋር ነው። ሽኮኮዎች ራሳቸው በዚያን ዘመን የዛሬዎቹ ትንንሽ የገደል ነዋሪዎች አልነበሩም፤ ከእነርሱ መካከል ከአሳማ በላይ የገዘፉ ዝርያዎች ነበሩ፤ በአፍሪካ ሣርና ቅጠል በሊታዎች ዘንድ ዛሬ ሚዳቋዎችና አጋዘኖች የያዙትን ስፍራ የያዙት እነርሱ ነበሩ።

ፕራይሜቶቹ በስፋት የታወቁት ኤልዊን ሳይመንስ እ.ኤ.አ. በ1961 በጀመሩትና ለአሥርት ዓመታት በመሩት የመስክ ሥራ ነው። ቡድኑ የተጠቀመበት ዘዴ ስለ ማስረጃው ጥራት የሚናገረው ነገር ስላለ ባጭሩ ማንሣት ተገቢ ነው። ሠራተኞቹ የምድረ በዳውን የላይኛውን የጠጠር ልባስ ጠርገው ያነሡና ይሄዳሉ፤ ነፋሱ ከሥር ያለውን ልል ደለል ጠርጎ ጥርሶቹንና መንጋጋዎቹን ያጋልጣል፤ በሚቀጥለው የመስክ ወቅት ተመልሰው ይለቅማሉ። በዚህ መንገድ የዝሆን ዘመዶችን አጥንት ብቻ ሳይሆን ጥቂት ሚሊሜትር ስፋት ያላቸውን ጥርሶች በብዛት መሰብሰብ ተችሏል። ስለዚህ የፋዩም ስብስብ ትልልቁንም ትንንሹንም እንስሳ ያስገባ ስብስብ ነው። ይህ ነጥብ ወደ ኋላ ወሳኝ ይሆናል።

ለጥያቄያችን ሦስት የዕድሜ መስኮቶች ይጠቅሙናል። የመጀመሪያው ወደ 37 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ ሁለተኛው ኤል-41 የተባለው የ34 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ቁፋሮ፣ ሦስተኛው ደግሞ ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጉት የላይኛዎቹ ቁፋሮዎች ናቸው። የኢዮሲንና የኦሊጎሲን ወሰን የሚወድቀው በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ነው።

በመጀመሪያው መስኮት ሁለቱም የፕራይሜት ጎራዎች አሉ። በአንድ በኩል የሌሙርና የጋላጎ ጎራ የሆኑት ስትሬፕሲራይኖች፣ በሌላ በኩል ጦጣን፣ ዝንጀሮን፣ ጎሪላንና ሰውን የሚያጠቃልሉት አንትሮፖይዶች። እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ የሆነው አፍራዳፒስ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፤ የመንጋጋ ጥርሶቹ ረጃጅም ስል ጠርዞች ቅጠል ይበላ እንደነበር ያመለክታሉ። በኤል-41 ደግሞ ካቶፒቴከስ የተባለ ትንሽ አንትሮፖይድ ተገኝቷል፤ የዓይኑ ጉድጓድ ከበስተኋላው በአጥንት የተዘጋ ነው፤ ከክራንቻው ቀጥሎ ያሉት ፊት መንጋጋዎቹ በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ሁለት ናቸው። እነዚህ ሁለት ምልክቶች ዛሬ የምናያቸው የአፍሪካና የእስያ ጦጣዎችም ሰዎችም የምንጋራቸው ናቸው።

በሦስተኛው መስኮት ሥዕሉ ይለወጣል። ቅጠል በል የነበሩት የአፍራዳፒስ ዘመዶች አይታዩም፤ ስትሬፕሲራይኖች በአጠቃላይ እምብዛም አይገኙም። መዝገቡን የሞሉት አንትሮፖይዶች ናቸው፤ ከእነርሱም አፒዲየም በመቶዎች በሚቆጠሩ መንጋጋዎችና ጥርሶች ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1965 የተሰየመውና በሚቀጥለው ዓመት የራስ ቅሉ የተገኘው ኢጂፕቶፒቴከስም ከዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የቀረበው የሴት ኢጂፕቶፒቴከስ የራስ ቅል አንጎሉ ከተጠበቀው እጅግ ያነሰ እንደነበር አሳየ፤ ጥርሱ ወደ ዛሬዎቹ ጦጣዎች የቀረበው ይህ እንስሳ በአንጎሉ መጠን ገና ከሌሙሮች ተርታ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ቀላል ስሌት እናስገባ። አንድ ጎራ በአንድ ደለል ውስጥ ካሉት ቅሪተ አካላት 1 በመቶውን ይይዛል እንበል። 100 ናሙና ሰብስበን ከዚያ ጎራ አንድም ያለማግኘት ዕድላችን 0.99 በራሱ መቶ ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው፣ ማለትም 37 በመቶ ገደማ ነው። ናሙናው 300 ሲሆን ዕድሉ ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። በመቶ ናሙና «የለም» ያለ ተመራማሪ ከሦስት ጊዜ አንዴ ከመሳሳት አያመልጥም፤ በሦስት መቶ ናሙና ግን ቃሉ ይጸናል። ስሌቱ የሚሠራው ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ ሲሟላ ብቻ ነው፦ ከተሰበሰቡት ናሙናዎች እያንዳንዱ ያ የሚፈለገው እንስሳ ሊሆን ይችል የነበረ መሆን አለበት። የአርባ ዝሆኖች አጥንት መሰብሰብ የጋላጎን አለመኖር አያስረዳም። በፋዩም ናሙናው ብዙ ነው፤ ቅድመ ሁኔታውም ተሟልቷል። ከላይኛዎቹ ቁፋሮዎች የስትሬፕሲራይኖች መመናመን ክብደት ያለው ማስረጃ ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

በፋዩም ላይ የሚነሡ ሁለት ተቃውሞዎች ግን ቸል የሚባሉ አይደሉም። አንደኛው ፋዩም አንድ ተፋሰስ መሆኑ ነው። ወንዞቹ መንገዳቸውን ቢቀይሩ ወይም ደኑ ቢሳሳ በዚያ ቦታ ያለው የእንስሳት ስብጥር ይለወጣል፤ አህጉሩ ግን ላይለወጥ ይችላል። በኦማን ታቃህና ታይቲኒቲ የተባሉ የመጀመሪያ ኦሊጎሲን ሥፍራዎች ይህን ተቃውሞ በከፊል ያለዝቡታል፤ እነርሱም ቢሆኑ ለዚያው ባሕር ቅርብ የነበሩ ቆላዎች ናቸው። ሁለተኛው የሰዓቱ ጉዳይ ነው። የፋዩም ንብርብሮች ዕድሜ በዋናነት የሚወሰነው በደለሉ ውስጥ በተቀረጸው የመሬት መግነጢስ አቅጣጫ መገለባበጥ ቅደም ተከተል ነው። ይህ ቅደም ተከተል ከዓለም አቀፉ መለኪያ ጋር ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ ሊገጥም ይችላል፤ ሳይፈርት እ.ኤ.አ. በ2006 ያቀረቡት የዕድሜ ማሻሻያ ራሱ የላይኛዎቹን ቁፋሮዎች ቀደም ሲል ከሚታሰበው ወጣት አድርጓቸዋል። ፋዩም ቅሪተ አካል የሞላው፣ ሰዓቱ ግን የላላ መዝገብ ነው።

63 በመቶው እንዴት ተቆጠረ?

የ2021ዱ ጥናት በፋዩም የተገኙትንና ያልተገኙትን በመቁጠር ብቻ አልተወሰነም። ቢወሰን ኖሮ ከላይ ለተነሣው ተቃውሞ መልስ አይኖረውም ነበር። የተጠቀመበት መንገድ ዘር ቆጠራን ለሚያውቅ አንባቢ እንግዳ አይደለም። የሁለት ሰዎች የጋራ ቅድመ አያት በስም ከታወቀና የኖረበት ዘመን ከተወሰነ፣ በመካከል ያሉት አያቶች በየትኛውም መዝገብ ባይሰፍሩ እንኳ እንደነበሩ እርግጠኞች ነን። በእንስሳትም እንዲሁ ነው። የዝምድናው ዛፍ ተሠርቶ ቅርንጫፎቹ የተለያዩበት ጊዜ ሲገመት፣ ከ34 ሚሊዮን ዓመት በፊት ተለያይተው በማዮሲን ዘመን እንደገና የሚታዩ ሁለት ሐረጎች በመካከሉ ባለው ጊዜ ሁሉ በሕይወት እንደነበሩ ይቆጠራሉ፤ አጥንታቸው ባይገኝም። እነዚህን ስውር የዘር ሐረጎች ልንላቸው እንችላለን።

ጥናቱ ስውር ሐረጎችን በሕይወት ካሉት ጋር ደምሮ ቆጥሮ ነው ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋ ኪሳራ ያገኘው። በሥጋ በሎቹ ሃያኖዶንቶች፣ በሁለት የቀርጣሚ እንስሳት ጎራዎች (አንደኛው የጃርት ወገን፣ ሁለተኛው ከዛፍ ዛፍ የሚንሸራተቱት አኖማሉሮይዶች)፣ በስትሬፕሲራይኖችና በአንትሮፖይዶች ላይ ኪሳራው ታይቷል። አኗኗራቸው እጅግ የተለያየ አምስት ጎራዎች በአንድ ጊዜ መቀነሳቸው ጉዳዩን የአንድ ደን ወይም የአንድ ወንዝ ለውጥ አድርጎ ማየትን ያከብደዋል።

ሆኖም የዘዴው አድልዎ በአንድ አቅጣጫ ያዘነበለ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ስውር ሐረግን ከመጥፋት የሚያድነው ኋላ የተገኘ ዘሩ ነው። እስከ 28 ወይም እስከ 27 ሚሊዮን ዓመት በፊት በሆነ የአህጉሩ ክፍል ኖሮ ከዚያ ዘር ሳይተካ የጠፋ ሐረግ ምንም የሚያድነው የለም፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት እንደጠፋ ተቆጥሮ ከሟቾች ዝርዝር ይገባል። ስለዚህ የመጥፋቱ መጠን ባይሆን እንኳ ጊዜው ከ30 እስከ 24 ሚሊዮን ዓመት ባለው ክፍተት ውስጥ በምናገኛቸው ሥፍራዎች ብዛት ላይ የተንጠለጠለ ነው። የመጨረሻው የተገኘ ቅሪተ አካል የመጨረሻው በሕይወት የኖረ እንስሳ እንዳልሆነ ፊሊፕ ሲኞርና ጄሬ ሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1982 ካሳዩ ወዲህ በዘርፉ የታወቀ ነው፤ የሚያስቸግረው ልዩነቱ የጥቂት ሺህ ዓመታት ይሁን የሦስት ሚሊዮን ዓመታት መለየቱ ነው።

በአቅራቢው ግምት የጥናቱ ይበልጥ ጠንካራ ክፍል ቆጠራው ሳይሆን የጥርሶቹ ቅርጽ ልኬት ነው። የመንጋጋ ጥርስ ገጽ ከፍታ፣ የጠርዞቹ ስለትና የገጹ ውስብስብነት ሲለካ እንስሳው ፍሬ፣ ቅጠል ወይም ነፍሳት ይበላ እንደነበር መገመት ይቻላል። ናሙና ስላነሰ ብቻ የተመናመነ ስብስብ ቢሆን ኖሮ የቀሩት ጥርሶች ጥቂት ሆነው በቅርጽ ግን የተበታተኑ ይሆኑ ነበር። የታየው ሌላ ነው። የአንትሮፖይዶቹ የጥርስ ቅርጽ ብዝኃነት ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ሲቃረብ እጅግ ጠብቧል፤ ኋላ የበዙትም ዘሮቻቸው የቀድሞውን ቅርጽ አልመለሱም፣ አዲስ ቅርጽ ይዘው መጡ። ከእነዚህ በጠባብ በር ካለፉት ጥቂቶች መካከል የጦጣዎች፣ የዝንጀሮዎችና የእኛም ቅድመ አያቶች ነበሩ።

ሊታለፍ የማይገባው አንድ ነገር አለ። አፒዲየም የሚመደበው በፓራፒቴሲድ ቤተሰብ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ግን ኡካያሊፒቴከስ የተባለ የዚሁ ቤተሰብ አባል በፔሩ አማዞን ሳንታ ሮሳ ከተባለ ሥፍራ በአራት ጥርሶች ይፋ ሆነ። አትላንቲክን በምን ተሻገረ ለሚለው ተንሳፋፊ የዛፍና የዕፅዋት ክምር የሚል መልስ ይሰጣል። ለእኛ ጥያቄ የሚበቃው ግን ይህ ነው፦ የአንድ ቤተሰብን ታሪክ ክልል ከአንድ አህጉር ወደ ሁለት ለመለወጥ የበቁት አራት ጥርሶች ናቸው፤ እነርሱም የተገኙት ደለል በወንፊት በማጠብ ነው።

ጭልጋ፦ ሰዓት ያለው ደለል

ከጎንደር በስተምዕራብ የሚገኘው የጭልጋ ተፋሰስ በከሰል ክምችቱ ለሥነ ምድር ባለሙያዎች የታወቀ ነው። ደለሉ የተቀመጠው የኢትዮጵያን ከፍተኛ ቦታዎች በገነባው የባዛልት ክምር ላይ ነው። በንብርብሮቹ መካከል የእሳተ ገሞራ አመድ ስላለ ዕድሜውን በአርጎን ልኬት በቀጥታ ማወቅ ይቻላል፤ ጆን ካፔልማንና ባልደረቦቻቸው ይህን ከመግነጢስ ቅደም ተከተል ጋር አጣምረው ቅሪተ አካላቱ ከ28 እስከ 27 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ እንዳላቸው እ.ኤ.አ. በ2003 አሳተሙ። ፋዩም የጎደለው ሰዓት ጭልጋ ውስጥ አለ።

የ2003ቱ ግኝት ለመጥፋት ጥናት ያበረከተው ነገር በቂ ትኩረት አላገኘም ብሎ አቅራቢው ያምናል። ከዚያ በፊት ከ32 እስከ 24 ሚሊዮን ዓመት ያለው የአፍሮ-ዐረቢያ የአጥቢዎች መዝገብ ባዶ ለማለት የሚያስደፍር ነበር። አርሲኖይቴሪየም ለብዙዎች የፋዩም እንስሳ ነበር። በጭልጋ ግን በ27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አርሲኖይቴሪየም ተገኘ፤ ያውም ከፋዩሙ የገዘፈ በመሆኑ በ2004 ዊሊያም ሳንደርስና ባልደረቦቻቸው «ጊጋንቴየም» የሚል የዝርያ ስም ሰጡት። የፋዩም የዝሆን ዘመዶች የሆኑት ፓሌዮማስቶዶንና ፊዮሚያም እዚያው አሉ። ከእነርሱ ጎን ለጎን ጭልጋቴሪየም የሚል ስም የተሰጠው፣ ወደ ታች የታጠፈ ጥርስ የነበራቸው ዴይኖቴሮች ጥንታዊ ዘመድ፣ እንዲሁም የጎምፎቴሪየም ቀዳሚ ናሙናዎች ተገኙ። ከእስያና ከአውሮፓ የመጣ አንድም እንስሳ ግን አልተገኘም። ስለዚህ ከሰሜን የመጡት እንስሳት ወደ አፍሪካ የገቡት ከ27 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ ነው፤ አርሲኖይቴሪየምም የጠፋው ያን ጊዜ እንጂ በኦሊጎሲን መጀመሪያ አይደለም።

በትልልቆቹ እንስሳት ረገድ፣ እንግዲህ፣ ጭልጋ «አልተገኘም» የተባለውን በአንድ ጊዜ በሚሊዮኖች ዓመታት ወደፊት ገፍቶታል። ፕራይሜቶቹስ? በ2003ቱ ዝርዝር ውስጥ ፕራይሜት የለም። ይህን ዝምታ ከ63 በመቶው ጋር አገናኝቶ «በኢትዮጵያም ጠፍተው ነበር» ማለት ቀላል ነው፤ ግን አይቻልም።

መጀመሪያ፣ የጭልጋ ስብስብ በአብዛኛው የትልልቅ ቅጠል በሎች ስብስብ ነው፤ የዝሆን ዘመዶች፣ አርሲኖይቴሪየምና የገዘፉ ሽኮኮዎች። ከላይ ያየነው የስሌቱ ቅድመ ሁኔታ አልተሟላም። ሦስት መቶ የዝሆን ጥርስ ቢሰበሰብ እንኳ ለጥቂት ሚሊሜትሩ የጦጣ ጥርስ ናሙናችን ዜሮ ነው። ሁለተኛ፣ መኖሪያው አልጎደለም። ከጭልጋ የተገኙት የቅጠል፣ የግንድና የፍሬ ቅሪቶች እርጥብ ቆላማ ደን ያመለክታሉ፤ ከዕፅዋቱ መካከል ዘንባባዎችና የባቄላ ቤተሰብ ዛፎች አሉበት። ለዛፍ ላይ ነዋሪ ፕራይሜት ከዚህ የተሻለ ምድር መመኘት አይቻልም። ሦስተኛ፣ ከጭልጋ በፊትም በኋላም፣ በስተሰሜን ምሥራቅም በስተደቡብም ፕራይሜቶች ነበሩ። በሳዑዲ ዐረቢያ ከ29 እስከ 28 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ የተሰጠው ሳዓዳኒየስ፣ በሰሜን ኬንያ ሎቲዶክ የተገኘው የኦሊጎሲን መጨረሻው ካሞያፒቴከስ፣ በታንዛኒያ ሩክዋ ስንጥቅ ሸለቆ በ25.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ የተገኙት ሩክዋፒቴከስና ንሱንግዌፒቴከስ ይህን ይመሰክራሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የጭራ አልባዎቹና የጦጣዎቹ ሐረጎች በዚያን ጊዜ ተለያይተው እንደነበር ያሳያሉ። መለያየቱ የተከናወነው ከሳዓዳኒየስ ዘመን እስከ ሩክዋ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ ወይም ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ከሆነ፣ ጭልጋ በጊዜውም በቦታውም መካከል ላይ ይወድቃል።

በዚህ ሁሉ ላይ የመሬቱ ጠባይ ይጨመራል። ፋዩም ራቁቱን የቆመ በረሃ ነው፤ ጭልጋ እርሻ፣ ሣርና ጥልቅ አፈር የለበሰ ደጋ ነው፤ ደለሉ የሚታየው እንደ ጓንግ ያሉ ወንዞችና ጅረቶች በቆረጡት ገደል ብቻ ነው። ከሰል የሚፈጥር ረግረግ ደግሞ አሲድነት ስላለው አጥንትን ያሟሟል፤ ቅጠሉ በሚገርም ሁኔታ የተጠበቀበት ንብርብር ጥርስ ያጣ ሊሆን ይችላል። አንድ ተማሪ በቅጠል የበለጸገውን ንብርብር ትቶ ወንዝ አሸዋና ጭቃ ያከማቸበትን ንብርብር መፈለግ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ እሳተ ገሞራው

የኢትዮጵያ ባዛልት ክምር አብዛኛው ክፍል ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ በአንድ ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ውስጥ እንደፈሰሰ ከ1997 ወዲህ የታተሙ ልኬቶች ያመለክታሉ። የ2021ዱ ጥናት አቅራቢዎችም ከቅዝቃዜው ጎን ይህን ፍንዳታ እንደ ተጨማሪ ምክንያት ጠቅሰውታል። ጊዜውን ስናስተያይ ግን ፍሰቱ ከኢዮሲን መጨረሻ አራት ሚሊዮን ዓመት ያህል ዘግይቷል። ስለዚህ ጥፋቱን ሊጀምር አይችልም፤ ቀድሞ የተመናመኑትን ጎራዎች መልሰው እንዳያገግሙ አድርጎ ሊሆን ግን ይችላል። ፍሰቱ በምሥራቅ አፍሪካ ሕይወት ላይ ምን እንዳደረሰ የሚነግረን ደግሞ በቀጥታ ከላዩ የተቀመጠ፣ ሕይወት ተመልሶ ሲያቆጠቁጥ የመዘገበ ደለል ነው፤ ያ ደለል የጭልጋ ዓይነት ነው። እዚህ ላይ የፋዩም መዝገብ ብዙ አይረዳንም።

ምን ዓይነት ናሙና ይመልሰዋል?

የሚያስፈልገው አዲስ ንድፈ ሐሳብ አይደለም። በአመድ ዕድሜያቸው የታወቀ ሁለት ወይም ሦስት የወንዝ ደለል ንብርብሮች ተመርጠው፣ ከእያንዳንዳቸው በቶን የሚመዘን ደለል ተወስዶ፣ ደርቆና ተዘፍዝፎ ዓይኑ ከአንድ ሚሊሜትር በማይበልጥ ወንፊት መታጠብ ይኖርበታል። የመጀመሪያው ግብ የፕራይሜት ጥርስ መፈለግ አይደለም፤ የቀርጣሚ እንስሳትን ጥርስ መቁጠር ነው። ቀርጣሚዎቹ በመጠን ለፕራይሜቶቹ ስለሚቀርቡ መቆጣጠሪያ ይሆኑናል። ወንፊቱ ቀርጣሚም ካልሰጠ ንብርብሩ ትንንሽ ጥርስ አልጠበቀም ማለት ነው፤ ስለ ፕራይሜቶች የሚናገረው ነገር የለውም። በመቶዎች የሚቆጠሩ የቀርጣሚ ጥርሶች ተገኝተው አንድም ፕራይሜት ከጠፋ ግን ከላይ ያየነው የ0.99 ስሌት በጭልጋም መሥራት ይጀምራል። አንድ ጥርስ ብቻ ቢገኝ ደግሞ ዕድሜው ከታችና ከላይ ባሉት አመዶች መካከል ስለሚወሰን የ2021ዱ ቆጠራ በዚያ ጎራ ላይ እንደገና ይሠራል።

ሥራው የሚጠይቀው ውድ መሣሪያ ሳይሆን ውኃ፣ ወንፊት፣ የአካባቢው ገበሬዎች ፈቃድና ትዕግሥት ነው። በፋዩም ነፋሱ የሚሠራውን በጭልጋ ክረምቱ ይሠራዋል፤ ጎርፉ በየዓመቱ የገደሉን ግድግዳ ቆርጦ አዲስ ደለል ያወጣል። መስከረም ጠብቶ ወንዞቹ ሲጎድሉ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ሳምንታት፣ ሣሩ ሳይመልሰው ግድግዳውን በየዓመቱ እየዞሩ ማየት ይቻላል።